የአሚንን ቤዝነት በቲትሬሽን መለካት፦ ከትሪስ የሚጀምር የላብራቶሪ መመሪያ

የሪፖርት ማስረከቢያ ሳምንት በመጣ ቁጥር የላብራቶሪው በር ላይ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ፒኬቢውን ከየት ነው የማመጣው?» ፒኬቢ የቤዝ ጥንካሬ የሚገለጽበት ቁጥር ነው። ጠያቂዎቹ ቲትሬሽኑን፣ ማለትም አሲድ በጥቂት በጥቂቱ ወደ አሚኑ መጨመሩን፣ ሠርተዋል፤ ኢንዲኬተሩ ቀለም ቀይሯል፤ የአሲዱን መጠንም መዝግበዋል። ከዚያ አንድ ቁጥር የአሚኑን ጥንካሬ ለማውጣት ግን ቢታገሉም አይወጣላቸውም። ሊወጣም አይችልም። ቀለሙ የተቀየረበት ቦታ የሚነግራችሁ ስንት አሚን እንዳለ ብቻ ነው። ምን ያህል ጠንካራ ቤዝ እንደሆነ የሚነግራችሁ እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት፣ ልክ ግማሽ መንገድ ላይ የነበረው ፒኤች ነው። ያንን ካልመዘገባችሁ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ያዙ። አሚን ማለት ከአሞኒያ ሦስት ሃይድሮጅኖች አንዱ፣ ሁለቱ ወይም ሦስቱም በካርቦን የተተኩበት ውህድ ነው። ናይትሮጅኑ ከማንም ጋር ያልተጋራቸው ሁለት ኤሌክትሮኖች አሉት፤ በእነሱ ከአሲድ ፕሮቶን ይቀበላል። ፕሮቶን የተቀበለው አሚን ኮንጁጌት አሲድ ይባላል። አሲድ ጠብ እያደረጋችሁ ስትሄዱ አሚኑ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ኮንጁጌት አሲዱ ይቀየራል። ግማሹ ሲቀየር ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፤ በዚያች ቅጽበት ሜትሩ ላይ የምታነቡት ፒኤች የኮንጁጌት አሲዱ ፒኬኤ፣ ማለትም የዚያ አሲድ ጥንካሬ የሚገለጽበት ቁጥር፣ ነው። ሥራው በሙሉ ያቺን ቅጽበት ለመያዝ ነው።

ለመለማመጃ ትሪስ የሚባለውን አሚን እመክራለሁ። ሽታ የሌለው፣ የማይተን ነጭ ዱቄት ነው፤ በሚዛን በትክክል ይመዘናል። የኬሚስትሪ ስቶር ውስጥ ካጣችሁት የባዮሎጂ ወይም የባዮኬሚስትሪ ክፍልን ጠይቁ፤ ለቡፈር (ፒኤቹ በቀላሉ ለማይለወጥ ሶሉሽን) ስለሚጠቀሙበት ከመደርደሪያቸው አይጠፋም። አሞኒያንና ፈሳሽ አሚኖችን እጃችሁ ከተፍታታ በኋላ ትደርሱባቸዋላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ትሪስ፣ 3.03 ግራም (ሞላር ማሱ 121.14 ነው)
- 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ግማሽ ሊትር
- ፒኤች ሜትር፣ ከ4.01፣ ከ7.00 እና ከ10.01 ቡፈሮች ጋር
- 50 ሚሊ ሊትር ቡሬት ከነመቆሚያው
- 25 ሚሊ ሊትር ፒፔት ከነመሳቢያ ጎማው
- 250 ሚሊ ሊትር ቮሉሜትሪክ ፍላስክ
- 150 ሚሊ ሊትር ቤከር፣ ሦስት
- ሜቲል ሬድ ወይም ብሮሞክሬሶል ግሪን ኢንዲኬተር
- ቴርሞሜትር (ብዙዎች የሚረሱት ይህን ነው፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 8 ላይ ታያላችሁ)
- አንድ ሊትር ተኩል ዲስቲልድ ውሃ
- ማግኔቲክ ስተረር፣ ከሌለ የመስታወት ዘንግ
- መነጽር፣ ጓንት፣ ጋዋን

አሲዱ ተዘጋጅቶ ካልጠበቃችሁ ከ37 በመቶው፣ ማለትም 12 ሞላር ገደማ ከሆነው ጠርሙስ 4.2 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ውስጥ ጨምሩና እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሙሉት። ትክክለኛ ኮንሰንትሬሽኑ 0.1 ሆነ 0.097 አትጨነቁ፤ ለፒኬኤ አያስፈልግም። ይህን ስናገር ብዙዎች አያምኑኝም፤ ደረጃ 7 ላይ ምክንያቱን ታገኛላችሁ።

ማስጠንቀቂያ

አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል፤ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። የተፈጠረው ሙቀት አሲዱን ፊታችሁ ላይ ሊረጨው ይችላል። የጠነከረውን አሲድ የምትቀዱት ጭስ መምጠጫ ካቢኔት ውስጥ ነው።

አሚን የነካውን ዕቃ በበረኪና አትጠቡ። በረኪና ከአሞኒያና ከአሚኖች ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚያቃጥል ክሎራሚን ይፈጥራል፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። በቀኑ መጨረሻ ዕቃ በሚታጠብበት ገንዳ ሁለቱም ስለሚገኙ፣ የጽዳት ሠራተኞችም በረኪናውን ከማፍሰሳቸው በፊት ይህን እንዲያውቁ አድርጉ።

ፒፔት በአፍ አይሳብም።

ደረጃዎቹ

1. ውሃውን አፍሉ።

ዲስቲልድ ውሃውን 10 ደቂቃ ያህል አንፈቅፍቁትና ከድናችሁ አቀዝቅዙት። ክፍት የተቀመጠ ዲስቲልድ ውሃ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ፒኤቹ ወደ 5.6 ይወርዳል። ያ ካርቦኒክ አሲድ እናንተ አሲድ ጠብ ሳታደርጉ ከአሚኑ ድርሻውን ይበላል፤ በኋላ የምትስሉት የፒኤች ኩርባም ይዛባል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ «100 አልደረሰም» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ጋዙን የሚያስወጣው መንፈቅፈቁ ነው።

2. የትሪሱን ሶሉሽን አዘጋጁ።

3.03 ግራም መዝኑና ሚዛኑ ያሳያችሁን ቁጥር እንዳለ ጻፉ። ቤከር ውስጥ በ100 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ አሟሙት። ቤከሩን ስትነኩት ይቀዘቅዛል፤ ትሪስ ሲሟሟ ሙቀት ይስባልና። የክፍሉ ሙቀት ላይ እስኪመለስ ጠብቁ፤ ከዚያ ወደ ፍላስኩ ገልብጡ፤ ቤከሩን በጥቂት ውሃ አለቅልቃችሁ እሱንም ጨምሩና እስከ ምልክቱ ሙሉት። ቀዝቃዛ ሶሉሽን ምልክቱ ድረስ ከሞላችሁ በኋላ ሲሞቅ ከምልክቱ ያልፋል። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋችሁ ቀላቅሉት። አሁን 0.1 ሞላር ትሪስ አላችሁ።

3. ሜትሩን አስተካክሉ።

በመጀመሪያ 7.00፣ ቀጥሎ 10.01፤ ከዚያ 4.01 ላይ አረጋግጡ። ሦስቱም የሚያስፈልጉት ኩርባችሁ ከ10 በላይ ተነስቶ ከ3 በታች ስለሚጨርስ ነው። በ7 እና በ4 ብቻ የተስተካከለ ሜትር፣ አሚን የሚኖርበትን ከፍተኛውን ክልል በግምት ነው የሚያነበው። 10.01 ቡፈር ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ቶሎ ይበላሻል፤ ትንሽ ቀድታችሁ ተጠቀሙ፤ የተረፈውን ወደ ጠርሙሱ አትመልሱ። ኤሌክትሮዱን በውሃ አለቅልቃችሁ በሶፍት ጠብታውን ብቻ አንሱለት። አትፈትጉት፤ ሲፈተግ ቻርጅ ይይዝና ንባቡ ይንቀዠቀዣል።

4. ቡሬቱን በአሲዱ በራሱ አለቅልቁ።

ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው በ5 ሚሊ ሊትር። በውሃ ታጥቦ እርጥብ እንዳለ የሚሞላ ቡሬት አሲዱን ያቀጥነዋል። ከሞላችሁት በኋላ ከቧንቧው በታች ያለውን ጫፍ ተመልከቱ፤ እዚያ የተደበቀ የአየር አረፋ መሃል ላይ ቢወጣ ያልፈሰሰ አሲድ እንደፈሰሰ ይቆጠራል።

5. ናሙናውን አቅርቡ።

25 ሚሊ ሊትር ትሪስ በፒፔት ወደ ቤከር ውሰዱ፤ የኤሌክትሮዱ አምፖል እንዲጠልቅ 25 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ጨምሩበት። ይህ ውሃ የአሚኑን ብዛት አይለውጥም፤ ስለዚህ በትክክል መለካት አያስፈልገውም። ሁለት ሦስት ጠብታ ኢንዲኬተር አክሉ። ኤሌክትሮዱን ከስተረሩ ማግኔት ከፍ አድርጋችሁ ሰቅሉት። ማግኔት የሰበረውን ኤሌክትሮድ ዋጋ ስለማውቅ ይህን ነገር በየክፍለ ጊዜው እደጋግመዋለሁ።

6. ጠብ አድርጉ፣ ጠብቁ፣ ጻፉ።

አሲድ ከመጨመራችሁ በፊት ያለውን ፒኤች መዝግቡ፤ 10.4 አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ በ1 ሚሊ ሊትር እየጨመራችሁ ቀጥሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ንባቡ እስኪረጋ ግማሽ ደቂቃ ያህል ታገሡ። 23 ላይ ስትደርሱ ወደ 0.2 ሚሊ ሊትር አሳንሱ። 27 ላይ አቁሙ።

የምታዩት ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ላይ ፒኤቹ ፈጥኖ ወደ 9.5 ይወርዳል። ከዚያ የተኛ ይመስላል፤ ከ5 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ባለው ረጅም መንገድ ከ8.7 ወደ 7.5 ብቻ ነው የሚሄደው። ብዙ ተማሪ የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፤ «ምንም አይለወጥም» ብሎ 5 ሚሊ ሊትር በአንድ ጊዜ ይለቃል። የምትፈልጉት ነጥብ ግን ያለው ልክ እዚያ ሜዳ መሃል ነው፤ አትዝለሉት። 24.5 ላይ 6.4 አካባቢ የነበረው ከ1 ሚሊ ሊትር በኋላ 3.2 አካባቢ ይገኛል፤ ገደል ነው። ሜቲል ሬዱ ከቢጫ ወደ ቀይ፣ ብሮሞክሬሶል ግሪኑ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚሄደው እዚሁ ገደል ላይ ነው። አሲዱና አሚኑ ልክ በልክ የሚመጣጠኑበት፣ ኢኩቫለንስ ፖይንት የምንለው ቦታ 4.8 አካባቢ ይውላል።

7. ግማሹን አንብቡ።

ግራፍ ወረቀት ላይ የአሲዱን መጠን በአግድም፣ ፒኤቹን በቁመት አድርጋችሁ ነጥቦቹን አገናኙ። ገደሉ እጅግ የቆመበትን ቦታ ፈልጉ። ለምሳሌ 24.80 ሚሊ ሊትር ቢሆን ግማሹ 12.40 ነው። ከ12.40 ሽቅብ ወደ ኩርባው ሂዱና ፒኤቹን አንብቡ፤ 8.12 ብታገኙ የትሪስ ፒኬኤ በእናንተ ቤከር ውስጥ 8.12 ነው።

የአሲዱ ኮንሰንትሬሽን እዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም። አሲዱ ቢቀጥን ሙሉ መንገዱም ግማሽ መንገዱም አብረው ይረዝማሉ፤ የግማሹ ቦታ ያው ግማሽ ነው። ኮንሰንትሬሽን የሚያስፈልገው «ስንት ግራም አሚን አለ?» ለሚል ጥያቄ ነው።

መጽሐፍ ላይ ትሪስ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 8.07 ነው። የእናንተ ንባብ ጥቂት ከፍ ብሎ 8.1 ወይም 8.15 ቢሆን አትደንግጡ፤ ሶሉሽኑ ውስጥ ያሉት አዮኖች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ እስከ 0.1 የሚሆን ልዩነት ይጠበቃል። 7.6 ወይም 8.6 ካመጣችሁ ግን ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

8. ወደ ፒኬቢ ቀይሩ፤ ሙቀቱን ሳትረሱ።

በ25 ዲግሪ ፒኬቢ ማለት 14.00 ሲቀነስ ፒኬኤ ነው። በምሳሌያችን 14.00 ሲቀነስ 8.12 እኩል ይሆናል 5.88፤ ኬቢው፣ ማለትም 10 በኔጌቲቭ 5.88 ሲነሳ፣ 0.0000013 ገደማ።

14 ግን የ25 ዲግሪ ቁጥር ነው። በ20 ዲግሪ 14.17፣ በ30 ዲግሪ 13.83 ነው የምትጠቀሙት። ትሪስ ራሱም ለሙቀት ስስ ነው፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ፒኬኤው 0.028 ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ ላብራቶሪው 18 ዲግሪ ሆኖ ቢሠራ 8.27 አካባቢ ይመጣል፤ ያንኑ ጠርሙስ ድሬዳዋ ወስዳችሁ በ32 ዲግሪ ብትሠሩት 7.87 አካባቢ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሙቀቱን ያልጻፈ ሪፖርት ግን ትክክል ይሁን አይሁን ማንም ሊያውቅለት አይችልም።

መብራት ከጠፋ ወይም ሜትሩ በወረፋ ከሆነ

ሜትሩን ለሁለት ደቂቃ ብቻ ካገኛችሁት የሁለት ቤከር ዘዴ አለላችሁ።

1. 25 ሚሊ ሊትር ትሪስ በመጀመሪያው ቤከር ውሰዱ፤ ያለ ሜትር፣ በሜቲል ሬድ ብቻ ቀለሙ እስኪቀየር ቲትሬት አድርጉ። አሁን እዚህ ያለው በሙሉ ኮንጁጌት አሲድ ነው።
2. በዚያው ፒፔት ሌላ 25 ሚሊ ሊትር ያልተነካ ትሪስ ቀድታችሁ እዚያው ቤከር ውስጥ ጨምሩ። አሚኑና ኮንጁጌት አሲዱ እኩል ሆኑ ማለት ነው።
3. ሜትሩ ሲገኝ አንድ ጊዜ አንብቡ። ያ ንባብ ፒኬኤው ነው።

ግራፍ የለው፣ ስሌት የለው። ሁለቱን 25 ሚሊ ሊትሮች በአንድ ፒፔት መቅዳታችሁ ወሳኝ ነው፤ ፒፔቱ ትንሽ ቢሳሳት እንኳ ሁለቱንም እኩል ስለሚያሳስት ስህተቱ ይጣፋል። ደካማነቱ ገደሉን አለማየታችሁ ነው፤ ጠብታ ካሳለፋችሁ የሚያስጠነቅቃችሁ ነገር የለም። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ሥሩት።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ፌኖልፍታሊን መጠቀም። ከሁሉ የበዛው ይህ ነው፤ ከሃይስኩል ጀምሮ እጃችን የለመደው ጠርሙስ ስለሆነ ይመስለኛል። ፌኖልፍታሊን ሮዝነቱን የሚያጣው ከ10 ወደ 8.2 ባለው መንገድ ነው። ትሪስ ላይ ይህ ከመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች አንስቶ 11 ሚሊ ሊትር አካባቢ እስኪደረስ ቀስ እያለ መደብዘዝ ማለት ነው፤ ትክክለኛው 25 ሆኖ ሳለ። ተማሪው «ናሙናው ግማሹ የለም» ብሎ ይመጣል። ደካማ ቤዝ በጠንካራ አሲድ ሲቲትሬት የኢኩቫለንስ ፖይንቱ ፒኤች ከ7 በታች ይውላል፤ እዚያ የሚቀረው ኮንጁጌት አሲድ ስለሆነ። ኢንዲኬተሩም እዚያ የሚቀየር መሆን አለበት።

«የአሚኑ ፒኬኤ» የሚለውን ገልብጦ መረዳት። ሠንጠረዥ ላይ ከአሚን ስም አጠገብ የምታዩት ፒኬኤ የኮንጁጌት አሲዱ ነው። ቁጥሩ ሲተልቅ ኮንጁጌት አሲዱ ፕሮቶኑን አልለቅም ይላል፤ አሚኑ ጠንካራ ቤዝ ነው ማለት ነው። ፒኬቢ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፦ ትንሹ ቁጥር ጠንካራው ቤዝ።

የቡሬቱን ንባብ ከላይኛው ጠርዝ መውሰድ። የጎበጠውን የፈሳሽ ገጽ ታችኛ ጫፍ፣ ዓይናችሁን እኩል አድርጋችሁ አንብቡ።

አኒሊንን በዚሁ መንገድ መሞከር። የአኒሊን ኮንጁጌት አሲድ ፒኬኤ 4.6 ነው፤ የፒሪዲን 5.2። በውሃ ውስጥ በ0.1 ሞላር አሲድ ቲትሬት ብታደርጓቸው ገደሉ ጠፍቶ ኩርባው ቀስ ያለ ቁልቁለት ይሆናል፤ ውሃው ራሱ ለፕሮቶኑ ይፎካከራቸዋልና። ማብቂያውን የምታዩበት ቀለም አታገኙም። እንዲህ ያሉ ደካማ ቤዞች የሚለኩት በግላሻል አሴቲክ አሲድ ውስጥ በፐርክሎሪክ አሲድ ነው፤ ያ ለብቻው የሚሠለጥኑበት፣ ያለ ኃላፊ የማይነካ ሥራ ነው። አኒሊን ደግሞ በቆዳ በኩል ገብቶ ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም የሚያደርግ መርዝ ነው።

ወደ ሌሎች አሚኖች ስትሻገሩ

ኤታኖልአሚን ቀጣዩ ጥሩ ልምምድ ነው፤ 1.53 ግራም በ250 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.1 ሞላር ይሰጣል። ቆዳ ያቃጥላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከአየር ስለሚስብ ጠርሙሱን ወዲያው ክደኑ። ግማሽ መንገዱ 9.5 ላይ ይውላል፤ ሜቲል ሬድ እንደ ልኩ ተሰፍቶ ይሆነዋል።

አሞኒያ 9.25 ይሰጣል፤ ግን ይተናል። ቤከሩን ከቀዳችሁ በኋላ ሻይ ልትጠጡ አትሂዱ፤ ስትመለሱ አሚኑ ጥቂት ጎድሎ ይጠብቃችኋል። የአሞኒያና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠርሙሶችን ጎን ለጎን አትክፈቱ፤ የሚነሳው ነጭ ጭስ አሞኒየም ክሎራይድ ነው፤ ሜትሩንም መነጽሩንም ይሸፍናል።

ውጤታችሁን በዚህ ቅደም ተከተል ፈትኑት፦ ሜቲልአሚን 10.6፣ ኤታኖልአሚን 9.5፣ አሞኒያ 9.25፣ ትሪስ 8.1፣ ፒሪዲን 5.2፣ አኒሊን 4.6። ሜቲል ግሩፕ ኤሌክትሮን ወደ ናይትሮጅኑ ስለሚገፋና ፕሮቶን ሲመጣ የሚፈጠረውን ቻርጅ ስለሚያረጋጋ ሜቲልአሚን ከአሞኒያ ይበልጣል። ኤታኖልአሚን አንድ ኦክሲጅን አለው፤ ኦክሲጅኑ መልሶ ይጎትታል፤ ትሪስ ሦስት ስላሉት ይበልጥ ወርዷል። አኒሊን ላይ ናይትሮጅኑ ኤሌክትሮኖቹን ለቤንዚን ቀለበቱ (ስድስት ካርቦኖች ለተያያዙበት ቀለበት) ስላዋሰ ለፕሮቶን የሚተርፈው ትንሽ ነው። ያገኛችሁት ቅደም ተከተል ከዚህ ከተገለበጠ፣ አዲስ ግኝት ከመጻፋችሁ በፊት የጠርሙሶቹን ጽሑፍ እንደገና አንብቡ።

ስትጨርሱ የትሪሱን ሶሉሽን በብዙ ውሃ ወደ ገንዳው ማፍሰስ ይቻላል። ኤሌክትሮዱን ትሪስ ውስጥ ነክራችሁ አትተዉት፤ አንዳንዱ ኤሌክትሮድ ውስጡ ያለው ብር ከትሪስ ጋር ስለሚጣመር መተላለፊያው ይደፈናል። አለቅልቁትና 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ አስቀምጡት፤ ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ አታሳድሩት። ቡሬቱን በውሃ አጥባችሁ፣ ቧንቧውን ከፍታችሁ፣ አፉን ቁልቁል ሰቅሉት።